ሊወድቅ ያለውን ዛፍ መደገፍ፦ በአብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ ላሉ አረጋውያን ዛፎች የሚደረግ እንክብካቤ

(ለአድባራት አስተዳዳሪዎች፣ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ስለ ችግኝ መትከል በየመድረኩ ብዙ ተነግሯል፤ ብዙም ተሠርቷል። ዛሬ በፊታችሁ ልናቀርብ የወደድነው ጉዳይ ግን በሌላው ጫፍ የሚገኝ ነው። ይኸውም ከበቀሉ ብዙ ዘመን የሆናቸውን፣ ዛሬ ግንዳቸው የተሰነጠቀውን፣ ቅርንጫፋቸው የከበዳቸውን ወይም ሥሮቻቸው የተጎዱትን አረጋውያን ዛፎች እንዴት እንያዝ የሚለው ነው።

ጉዳዩ ወደ እኛ የሚደርሰው በአብዛኛው በሁለት መልክ ነው። አንዳንዱ አጥቢያ “ዛፉ ሊወድቅብን ነውና እንቁረጠው?” ብሎ ይጠይቃል። ሌላው ደግሞ ከነጭራሹ አይጠይቅም፤ ዛፉ ጥንታዊና የተከበረ ስለሆነ ማንም አይነካውም፣ ማንምም ቀርቦ አያየውም፤ “እግዚአብሔር ይጠብቀዋል” ተብሎ ይተዋል። በእግዚአብሔር ጠባቂነት መታመን ተገቢ ነው። ነገር ግን የቤተ መቅደሱ ጣሪያ ሲያፈስ ቆርቆሮውን እንደምንቀይር፣ ግንቡ ሲሰነጠቅ ግንበኛ እንደምንጠራ ሁሉ፣ በዛፉም ላይ የሚታየውን ጉዳት መመርመር ከእኛ የሚጠበቅ ድርሻ ነው። በመቁረጥና በመተው መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም መደገፍ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ መንገድ፣ ስለሚጠይቀው ጥንቃቄና ስለ ወሰኑም ጭምር ነው።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ነገሮች በሚዛን ላይ ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው የሰው ሕይወት ነው። በዐጸዳችን ያለው ዛፍ ሰው በሌለበት ጫካ እንዳለ ዛፍ አይደለም። በዓመታዊው ክብረ በዓል ሕዝበ ክርስቲያኑ ከጥላው ሥር ይሰበሰባል፤ የሰንበቴ ማኅበርተኛው እዚያ ይቀመጣል፤ የአብነት ተማሪዎች እዚያ ይቀጽላሉ፤ ለቀብር የመጣ ለቀስተኛ እዚያ ያርፋል። ሁለተኛው ዛፉ ራሱ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በሚገኙ 28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ባካሄዱት ጥናት 168 ዓይነት ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ሐረጎች ተመዝግበዋል። በዙሪያው ያለው ምድር ታርሶና ተራቁቶ ሳለ በዐጸዱ ውስጥ የቀሩት ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ዋርካ ለአካባቢው የዘር ምንጭ ናቸው። አንድ ትልቅ ዛፍ በጥድፊያ ቢቆረጥ፣ ያንን የሚተካ ዛፍ የምንተክል እኛ ጥላውን ሳናይ እናልፋለን።

፩. ዛፍ ለምን ይሰበራል?

ዛፍን ለመደገፍ በቅድሚያ ደካማ የሆነበትን ቦታ ማወቅ ያስፈልጋል። ደካማው ቦታ ከአራት በአንዱ ይገኛል።

የመጀመሪያው መንታ ግንድ ነው። አንድ ዛፍ ከታች ሁለት ሆኖ ሲያድግና ሁለቱም ግንዶች እኩል ሲወፍሩ መጋጠሚያቸውን ልብ ብሎ ማየት ይገባል። መጋጠሚያው ሰፋ ብሎ እንደ ጎድጓዳ ሳሕን ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጠንካራ ነው። ጠባብና ሹል ከሆነ ግን የሁለቱ ግንዶች ቅርፊት በመካከል ተቀብሮ ይቀራል፤ እንጨት ከእንጨት ጋር አልተያያዘም ማለት ነው። ግንዶቹ በወፈሩ ቁጥር አንዱ ሌላውን እየገፋ ይሄዳል፤ በመጨረሻም በነፋስ ቀን ለሁለት ይከፈላል።

ሁለተኛው ወደ ጎን እጅግ የረዘመ ቅርንጫፍ ነው። ሙሉ እንስራ ከደረቱ አስጠግቶ የሚይዝ ሰው ብዙ ሊቆም ይችላል፤ ያንኑ እንስራ በተዘረጋ ክንዱ ቢይዝ ግን ወዲያው ይዝላል። ዋርካና ሾላ ቅርንጫፋቸውን ወደ ጎን አብዝተው ስለሚዘረጉ፣ እንጨታቸውም ለስላሳ ስለሆነ ይህ ችግር በእነርሱ ላይ ይበረታል።

ሦስተኛው ብስባሴ ነው። በአሜሪካ የደን አገልግሎት ይሠሩ የነበሩት ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ እጅግ ብዙ ዛፎችን እየሰነጠቁ ከመረመሩ በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ አንድ መሠረታዊ ነገር አስተማሩ፦ ዛፍ እንደ ሰው ቆዳ ቁስሉን አይሽርም፤ የተጎዳውን ክፍል ከጤናማው ይከልለዋል፤ ከዚያም በላዩ አዲስ እንጨት ያበቅላል። ስለዚህ የዛሬ 50 ዓመት በመጥረቢያ የተመታ ግንድ ቁስሉ ከላይ ተሸፍኖ ቢታይም ከውስጥ እንዳለ ነው። በአዲስ ቁስል መከለያውን በጣስን ቁጥር ብስባሴው ወደ ጤናማው እንጨት መንገድ ያገኛል።

አራተኛው ሥር ነው። አብዛኞቹ የዛፍ ሥሮች የሚገኙት ከላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር በሚሆነው አፈር ውስጥ ነው፤ ወደ ጎንም ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፈው ይሄዳሉ። በዐጸዳችን ሥሮችን የሚጎዳው ነገር ብዙ ነው። የመቃብር ጉድጓድ ከግንዱ አጠገብ ይቆፈራል፤ ለአዳራሽ ወይም ለአጥር መሠረት ይወጣል፤ በግንዱ ዙሪያ ሲሚንቶ ይለሰናል፤ የብዙ ሺህ ሰው እግር አፈሩን ጠቅጥቆ ውኃና አየር እንዳይገባ ያደርገዋል። ሥሩ የተቆረጠ ዛፍ ወዲያው አይወድቅም። ከላይ ለምለም ሆኖ ጥቂት ዓመታት ይቆይና ክረምት አፈሩን ባራሰው ጊዜ ከነሥሩ ይገነደሳል።

፪. ከመደገፍ በፊት መመርመር

ምርመራ ከምድር ይጀምራል። ከግንዱ ሥር እንጉዳይ ወይም እንደ መደርደሪያ የተለጠፈ ፈንገስ አለን? በአንድ ወገን አፈሩ ተነሥቷል ወይስ ተሰንጥቋል? ዛፉ ድሮም ያዘነበለ ነው ወይስ ማዘንበሉ የቅርብ ጊዜ ነው? ዘመኑን ሁሉ ዘንበል ብሎ ያደገ ዛፍ ራሱን አስተካክሎ የቆመ ሊሆን ይችላል፤ አምና ቀጥ ብሎ የነበረ ዘንድሮ ካዘነበለ ግን ሥሩ እየለቀቀ ስለሆነ አስቸኳይ ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ ግንዱን በእንጨት መዶሻ በቀስታ እያንኳኩ መዞር ይጠቅማል። ጤናማ እንጨት ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ የተቦረቦረው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ውስጡ ባዶ መሆኑ ብቻውን ግን ለመቁረጥ በቂ ምክንያት አይደለም። አሮጌ ወይራና ጥድ ውስጣቸው ተቦርቡሮ ለረጅም ዘመን ሊቆሙ ይችላሉ፤ የብረት ቱቦ ባዶ ሆኖ ጠንካራ እንደሚሆን ማለት ነው። ጥያቄው የቀረው ግድግዳ ውፍረት ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ክላውስ ማትሄክ ያቀረቡት መለኪያ ጤናማው ግድግዳ ቢያንስ የግንዱን እኩሌታ ውፍረት 30 በመቶ ያህል እንዲሆን ይመክራል። ለምሳሌ የግንዱ ውፍረት ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ቢሆን እኩሌታው 50 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ዙሪያውን 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ጤናማ እንጨት ይፈለጋል ማለት ነው። ይህ ግምታዊ መለኪያ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ግንዱ በአንድ ጎኑ ተከፍቶ ከሆነ ደግሞ ጥንካሬው ከዚህም ያንሳል።

በመጨረሻም ስንጥቆች ይታያሉ። የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በቀለም ምልክት አድርጎ ቀኑን መጻፍ ቀላል ዘዴ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ስንጥቁ ምልክቱን አልፎ ከተገኘ ዛፉ እየተከፈለ ነው።

፫. ከቀላሉ ወደ ከባዱ

ድጋፍ ሲባል ብዙዎች ወዲያው ብረትና ገመድ ያስባሉ። ነገር ግን ብረት ከመምጣቱ በፊት የሚሠሩ፣ አነስተኛ ወጪ ያላቸውና ብዙ ጊዜም በቂ የሆኑ ሥራዎች አሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሰውን ማራቅ ነው። ከደካማው ቅርንጫፍ በታች ያለውን መቀመጫ ማንሣት፣ የጉባኤውን ቦታ ጥቂት ወደ ሌላ ማዛወር፣ በእንጨት ወይም በድንጋይ መከለል ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ቅርንጫፉ ሰው በሌለበት ቢወድቅ የሚጠፋው እንጨት ብቻ ነው። በእንግሊዝ አገር በሸርውድ ደን የሚገኘው “ሜጀር ኦክ” የተባለው ጥንታዊ ዛፍ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከባድ ቅርንጫፎቹን ለመያዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908 የብረት ሰንሰለት ተደርጎለት ነበር፤ በኋላም ከሥር በቋሚ ተደግፏል። ይሁን እንጂ በ1970ዎቹ ዙሪያውን ማጠር ግድ ሆነ፤ ሊያዩት የሚመጡት ጎብኚዎች እግር የሥሮቹን አፈር ስለጠቀጠቀው ነው። ከላይ ብረት ማድረግ ከታች የሚሆነውን አልከለከለም። በየዓመቱ ንግሥ ብዙ ሺህ ሰው ለሚያስተናግደው ዐጸዳችን ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ሥሩን ማሳረፍ ነው። ከግንዱ ዙሪያ ሲሚንቶን ማንሣት፣ አዲስ መቃብር ከቅርንጫፎቹ ጥላ ውጭ እንዲሆን መወሰን፣ ደረቅ ቅጠልና የበሰበሰ ፍግ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት መነስነስ ይገባል። ፍጉ ግን ከግንዱ ቅርፊት ጋር እንዳይነካካ ጥቂት መራቅ አለበት።

ሦስተኛው ሸክሙን መቀነስ ነው። ከረጅሙ ቅርንጫፍ ጫፍ ጥቂቱን ማሳጠር በመጋጠሚያው ላይ ያለውን ጫና በብዙ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ከቅርንጫፉ ውስጠኛ ክፍል ያሉትን ትንንሽ ቅርንጫፎች ጠርጎ ጫፉን ብቻ መተው ጉዳቱን ያብሳል፤ ሸክሙ ሁሉ ጫፍ ላይ ይቀራልና። ሁለተኛ፣ ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር ሲቆረጥ ከሥሩ ያለው እብጠት መሰል ቀለበት መነካት የለበትም፤ ዛፉ ቁስሉን የሚከልለው በእርሱ ነው። ሦስተኛ፣ አረጋዊ ዛፍ ብዙ ቅጠል በአንድ ጊዜ ማጣት አይችልም፤ ሥራው በዓመታት ተከፋፍሎ ይሠራ።

አራተኛው ባላ ማቆም ነው። ባላን የማያውቅ ቤት ሠሪ በአገራችን የለም። ለዛፍ ሲሆን ግን ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የባላው ራስ ሰፊ ሆኖ ቅርፊቱን እንዳይፈትግ ለስላሳ ነገር ይደረግበታል፤ ቅርንጫፉ እንዲወፍር ቦታ ይተውለታል። እግሩም ሥሮችን ሳይቆርጥ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያርፋል። የባሕር ዛፍ ቋሚ በምስጥ ቶሎ ስለሚበላ በየዓመቱ ሊታይ፣ ሲደክምም ሊቀየር ይገባል፤ አቅም ያለው አጥቢያ የብረት ቱቦ ቢጠቀም የተሻለ ነው። በጃፓን በካናዛዋ ከተማ ኬንሮኩኤን በተባለው የአትክልት ስፍራ ያለ ታዋቂ ጥድ መሰል ዛፍ ዝቅ ብለው የተዘረጉ ቅርንጫፎቹ በብዙ የእንጨት ቋሚዎች ተደግፈው ይኖራሉ፤ በረዶ ሳይወርድም በየዓመቱ ከመካከለኛ ምሰሶ በሚዘረጋ ገመድ ይንጠለጠላሉ። አትክልተኞቹ ይህን ሥራ በየዓመቱ ደግመው ይሠሩታል፤ አንድ ጊዜ ሠርተው አልተውትም።

፬. የብረት ገመድና ብሎን

ከላይ የተጠቀሱት ሁሉ ካልበቁ፣ ዛፉም ለመያዝ የሚችል ጤናማ እንጨት ካለው፣ ያን ጊዜ ገመድና ብሎን ይታሰባል። ይህን የሚሠሩት የደን ባለሙያና የከፍታ ሥራ የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ዲያቆናትን ወይም የሰፈር ወጣቶችን በመሰላል አውጥቶ ማሠራት ፈጽሞ አይገባም፤ የኤሌክትሪክ መስመር በሚያልፍበት ደግሞ ከመስመሩ ባለቤት መሥሪያ ቤት ጋር ሳይነጋገሩ መቅረብ ለሞት ይዳርጋል። ኮሚቴው ሥራውን ራሱ ባይሠራም ትክክል መሠራቱን እንዲያውቅ ግን መርሆቹን ልንገልጽ ወደድን።

የብረት ገመድ ዓላማ መንታ ግንዶች ከልክ በላይ እንዳይራራቁ መያዝ ነው። የሚታሰረው ከመጋጠሚያው አጠገብ ሳይሆን ከፍ ብሎ ነው፤ ከመጋጠሚያው እስከ ዛፉ ጫፍ ካለው ርቀት ሁለት ሦስተኛ ያህል ላይ። ለምሳሌ ዛፉ 18 ሜትር ቢረዝም፣ ግንዱም በ3 ሜትር ላይ መንታ ቢሆን፣ የቀረው 15 ሜትር ነው፤ ሁለት ሦስተኛው 10 ሜትር ስለሆነ ገመዱ ከምድር በ13 ሜትር ግድም ይዘረጋል ማለት ነው። ከፍ ሲል ትንሽ ኃይል ብዙ ይይዛል፤ ዝቅ ሲል ግን ገመዱ ቢበረታም ጥቅሙ ያንሳል። በዚያ ከፍታ ያለው ግንድ ደግሞ ብሎኑን ለመሸከም በቂ ውፍረት ሊኖረው ይገባል።

ገመዱ በግንዱ ዙሪያ አይጠመጠምም። በአጥቢያዎቻችን ደጋግመን የምናየው ትልቁ ጉዳት ይህ ነው፤ ሽቦ፣ ሰንሰለት ወይም ፌሮ በግንዱ ላይ ተጠምጥሞ ይተዋል። ዛፉ ምግቡን ወደ ሥሮቹ የሚያወርደው በቅርፊቱ ውስጠኛ ክፍል ስለሆነ፣ ግንዱ እየወፈረ ሲሄድ ሽቦው ያንቀዋል። ለመደገፍ የታሰበው ነገር ከሽቦው በላይ ያለውን ክፍል ሊገድለው ይችላል። ለድምፅ ማጉያ፣ ለመብራት ወይም ለበዓል ጌጥ የሚታሰረው ሽቦም ከዚህ አይለይም። ስለዚህ ትክክለኛው ዘዴ ግንዱን ከወገን ወደ ወገን በስቶ፣ ራሱ ቀለበት የሆነ ዝገት የማይበላው ብሎን አሳልፎ፣ በበስተኋላው በሮንዴላና በዳዶ ማጥበቅ፣ ገመዱንም ከቀለበቱ ጋር ማያያዝ ነው። መብሳቱ ቁስል መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጠባብ ቀዳዳ በጤናማ እንጨት ውስጥ ሲሆን ዛፉ ሊከልለው ይችላል፤ መታነቅን ግን አይችለውም። ብስባሴ ባለበት እንጨት ውስጥ ብሎን አይገባም፤ አይይዝምና፤ የዛፉንም መከለያ ይጥሳልና።

ገመዱ ተወጥሮ እንደ ክራር አውታር እንዲጮኽ አይደረግም፤ እንዳይላላ ብቻ ቀጥ ማለቱ ይበቃል። ዛፍ በነፋስ ሲወዛወዝ በሚጨነቀው ክፍሉ ላይ እንጨት እየጨመረ ራሱን ያጠነክራል። ጨርሶ እንዳይንቀሳቀስ ብናስረው ይህን ኃይል እናሳጣዋለን። በዚህ ምክንያት በአውሮፓ ጥቂት የመለጠጥ ጠባይ ያለው ሰው ሠራሽ ገመድ በሰፊ ማሰሪያ አድርገው የሚጠቀሙ አሉ፤ ይህ ዓይነቱ ዛፉን አይበሳም፤ ነገር ግን በፀሐይ ስለሚያረጅ በጊዜው መቀየር፣ ማሰሪያውም ከግንዱ ውፍረት ጋር መላላት አለበት።

መጋጠሚያው ቀድሞ ከተሰነጠቀ ከገመዱ በተጨማሪ ጥርስ የወጣለት የብረት ዘንግ ስንጥቁን አቋርጦ ገብቶ በሁለቱም ወገን በዳዶ ይያዛል። ዘንጉ ስንጥቁ እንዳይከፈት ይይዛል፤ ከላይ ያለው ገመድ ደግሞ ኃይሉን ያቀልለታል። ዘንግ ብቻውን ያለ ገመድ የዛፉን ራስ ሸክም ሁሉ እንዲሸከም አይተውም።

ስለ ሲሚንቶም አንድ ቃል እንበል። የተቦረቦረ ግንድ ውስጥ ሲሚንቶ መሙላት በሌላው ዓለም በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተለመደ ነበር፤ ዛሬ ተትቷል። ዛፍ ይወዛወዛል፤ ሲሚንቶ አይወዛወዝም። በመካከላቸው ውኃ ይታቆራል፤ ግንዱም ከውስጥ ይፋተጋል። የተቦረቦረው ክፍት ይተው፤ እሳት ግን አይግባበት። ማር ለመቁረጥ ወይም ቆሻሻ ለማቃጠል በግንድ ውስጥ የሚለኮስ እሳት ብዙ ዘመን የቆመን ዛፍ በአንድ ሌሊት ይጥላል።

፭. ድጋፍ ቀጠሮ አለው

እስካሁን ከተነገረው ሁሉ ይልቅ እንድትይዙልን የምንፈልገው ይህን ነው፦ ድጋፍ የሥራው ፍጻሜ አይደለም፤ ኃላፊነትን በራስ ላይ መውሰድ ነው። ገመድ የታሰረለት ዛፍ ጊዜ ሲሄድ ይከብዳል፤ ብረቱ ይዝጋል፤ ብሎኑ በእንጨት ይዋጣል። “ታስሯል” ብሎ ሕዝቡ ያለ ፍርሃት ከሥሩ ይቀመጣል። ክትትሉ ሲቋረጥ፣ ገመዱም በጸጥታ ሲደክም፣ ያ ዛፍ ካልታሰረው ይልቅ አደገኛ ይሆናል።

ጌታችን በወንጌል ባስተማረው የበለስ ምሳሌ (ሉቃ. 13፥6-9) ላይ አትክልተኛው የሚለውን ልብ እንበል። የምሳሌው ምሥጢር ስለ ንስሐ መሆኑን ከእኛ ይልቅ እናንተ አባቶች ታስተምራላችሁ፤ እኛ የምናየው የሥራውን ሥርዓት ነው። ጌታው ይቆረጥ ብሏል። አትክልተኛው ለዛፉ ምሕረት ይለምናል፤ ልመናው ግን “ተዋት” በማለት አያበቃም። ዙሪያዋን ሊኮተኩት፣ ፍግ ሊያደርግላት ሥራ በራሱ ላይ ይወስዳል። ጊዜም ይወስናል፤ ይህችን ዓመት ብቻ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውንም አስቀድሞ ይቀበላል። ምሕረት፣ ሥራና ቀጠሮ በአንድነት ተነግረዋል። በዐጸዳችን ያለውን ደካማ ዛፍ ስንደግፍ እነዚህ ሦስቱ ሊለያዩ አይገባም።

ስለዚህ እያንዳንዱ አጥቢያ የዛፍ መዝገብ ቢኖረው እንመክራለን። አንድ ተራ ደብተር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ትልቅ ዛፍ ቁጥር ይሰጥ፤ ዓይነቱ፣ የሚታይበት ጉዳት፣ የተደረገለት ሥራና ቀኑ፣ የሚቀጥለው ምርመራ ቀን ይጻፍ፤ ቢቻል ፎቶግራፍ ይያያዝ። ምርመራው በዓመት ሁለት ጊዜ ይሁን፤ አንዱ ክረምት ሳይገባ በግንቦት፣ ሁለተኛው ከመስቀል በኋላ። ዓመታዊው ንግሥ ሲቃረብና ከባድ ነፋስ ካለፈ በኋላ ደግሞ ተጨማሪ ጉብኝት ይደረግ። ገመድና ብሎን ያለበትን ዛፍ ባለሙያ ወጥቶ እንዲያየው ጊዜ ይቀጠር። የኮሚቴ አባላት ሲለወጡ መዝገቡ እንደ ንዋየ ቅድሳቱ ዝርዝር በርክክብ ይተላለፍ። ይህ ካልሆነ ገመዱን ያሰሩት ሰዎች ሲሄዱ ዛፉን የሚያውቀው ሰው ይጠፋል።

፮. መደገፍ የማይገባው ዛፍ

ሁሉም ዛፍ ሊደገፍ አይችልም። ከሥሩ የበሰበሰ፣ በቅርብ ያዘነበለ፣ ግድግዳው የሳሳ፣ ብሎን የሚይዝ ጤናማ እንጨት የሌለው ዛፍ ሰው ሊርቅለት በማይቻልበት ቦታ ላይ ከሆነ እርሱን በገመድ ማሰር ሕዝቡን ማታለል ነው። እንዲሁም በቅርብ ዘመን የተተከለ ባሕር ዛፍ ለዚህ ወጪ የሚገባ አይደለም፤ አስፈሪ ከሆነ ተቆርጦ በአገር በቀል ዛፍ ቢተካ ይሻላል።

የመቁረጥ ውሳኔ ሲደረስ በአንድ ሰው ቃል አይሁን። ሰበካ ጉባኤው ከባለሙያ ጋር መርምሮ በቃለ ጉባኤ ይወስን፤ ወረዳው ቤተ ክህነትና የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይወቁት። እንጨቱን ለመሸጥ ተብሎ የተቆረጠ እንዳይመስል የእንጨቱም ፍጻሜ በመዝገብ ይጻፍ። ደግሞም ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ መቁረጥ ግድ አይደለም፤ የከበደው ራስ ወርዶ ግንዱ አጥሮ ቢቆም ለወፎችና ለንቦች ቤት ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን ዛፉ ሳይወድቅ ዘሩ ይሰብሰብ። ከዚያው ከአረጋዊው ዛፍ ዘር ችግኝ አፍልቶ እዚያው አጠገብ መትከል፣ ከከብትም ማጠር፣ ደግፈን ባቆየነው ዓመት ውስጥ ልንሠራው የሚገባ ሥራ ነው። ድጋፉ የሚያስገኝልን ትልቁ ነገርም ይህ ጊዜ ነው።

የተከበራችሁ አባቶችና ወንድሞች፣ እኅቶችም፤

“ሳይቃጠል በቅጠል” እንዲሉ፣ ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ ከዚህ ክረምት በፊት ሦስት ነገር እንድትፈጽሙ በትሕትና እንጠይቃለን። በዐጸዳችሁ ካሉት ትልልቅ ዛፎች ሕዝብ የሚቀመጥባቸውን ለይታችሁ ዙሩአቸው፤ ከመጋጠሚያቸው እስከ ሥራቸው እዩአቸው። በግንዶች ላይ የተጠመጠመ ሽቦና ሰንሰለት ካለ እንዲፈታ አድርጉ፤ በቅርፊት የተዋጠ ከሆነ ግን በጉልበት ከመንቀል ይልቅ ከሁለት ሦስት ቦታ ቆርጣችሁ ተዉት። ጉዳት ያያችሁበትን ዛፍ በመዝገብ ጽፋችሁ፣ ከሥሩ ያለውን መቀመጫ አንሥታችሁ፣ ባለሙያ እንዲያየው በሀገረ ስብከታችሁ የልማት ክፍል በኩል አሳውቁ።

አባቶቻችን እነዚህን ዛፎች ያቆዩልን በሥራቸውና በጥበቃቸው ነው። እኛም በተራችን ለሚመጣው ትውልድ ጥላውንም ዘሩንም እንድናስረክብ፣ ከጥላው ሥር የሚሰበሰበውንም ሕዝብ በሰላም እንድንጠብቅ፣ ልዑል እግዚአብሔር ማስተዋሉንና ትጋቱን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።